መምህራችን እጅ ያወጣ ዕለት

አምስተኛ ክፍል ሳለን፣ አዲሱ መምህራችን መጻፍ እንደማይችል መጀመሪያ የደረስኩበት እኔ ነኝ። ለብዙ ጊዜ በዚህ እኮራ ነበር።

እናቴ የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር ጸሐፊ ነበረች። ከክፍል ስወጣ፣ ሥራዋን እስክትጨርስ ድረስ ጠረጴዛዋ ሥር እገባለሁ፤ ባዶ የወረቀት ካርቶን ገልብጬ ወንበር አደርግና የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። ከዚያ ሆኖ የሚታየው የሰው እግር ብቻ ነው። የዳይሬክተሩ ጫማ በረገጡ ቁጥር ሲጥ ይላል። የእናቴ ቀኝ እግር ስትተይብ ከጫማዋ ሹልክ ብሎ ይወጣና ጣቶቹ ብቻቸውን ይንቀሳቀሳሉ። ከራሴ በላይ የጽሕፈት መኪናው ቀጭ ቀጭ ይላል። ስለዚህ የትልልቅ ሰዎች ወሬ እኔ ዘንድ የሚደርሰው ተቆራርጦ፣ ግማሹ በመኪናው ተውጦ ነው።

ያን ቀን የደረሰኝ ይህ ነበር።

«የአዲሱ መምህር ማስረጃ ገና አልመጣም?» አለች እናቴ።

«የምን ማስረጃ!» አሉ ዳይሬክተሩ። ቀጭ ቀጭ ቀጭ። «...እጁ ነው ችግሩ።» ቀጭ ቀጭ። «...እኔን ቢጠይቁኝ ሰሌዳ ፊት አላቆመውም ነበር። ብቻ ፋይሉ ይምጣ!»

መኪናው ቆመ። «ምስኪን» አለች እናቴ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ልጅ አለች እዚህ» አለች።

ሲጥ ሲጥ እያለ ጫማው ወጣ።

በእኛ ክፍል እጅ ማለት የእጅ ጽሑፍ ነው። «ይሄ የማን እጅ ነው?» ከተባለ፣ ማን ነው የጻፈው ማለት ነው። ስለዚህ ነገሩ ወዲያው ገጠመልኝ። ሰውየው እጁ አይጽፍም። የተማረበት ማስረጃ የለውም። እናቴም አዝናለታለች።

ማመን ያልከበደኝ ለምን እንደሆነ ለመናገር ከእሱ በፊት የነበሩትን መምህር ማንሳት አለብኝ። ስማቸውን «ማስመሪያ» ብለን ነበር ያወጣንላቸው። ግማሽ ሜትር የሆነች የእንጨት ማስመሪያ ከእጃቸው አትለይም፤ በአንድ ጠርዟ ደብተር ይሰመርባታል፣ በሌላው እኛ እንመታባታለን። ኅዳግ ሳይሰመር አንዲት ፊደል አትጻፍም። እሳቸው ሲገቡ ሃምሳ ሁለት ልጅ ትንፍሽ አይልም፤ የሚሰማው የጠመኔ ድምፅ ብቻ ነው። ሐሜት እንዳይሆንብኝ፣ የማባዛት ሠንጠረዡን እስከ ዛሬ ተኝቼም የማልረሳው በእሳቸው ነው። ግን በዚያ ክፍል ጥያቄ የሚባል ነገር አልነበረም። መጠየቅ አለመስማትን ማጋለጥ ነው። ጎረቤትህ እንዳያይብህ ደብተርህን በክንድህ ከልለህ ትጽፋለህ። አንዱ ሲመታ ሌሎቻችን እናርፋለን፤ የሰው ስሕተት ለእኛ እፎይታ ነበር።

እኔ ደግሞ የክፍል አለቃ ነበርኩ። ማስመሪያ ወጣ ሲሉ ፊት ለፊት ቆሜ የረባሾችን ስም እጽፋለሁ። አንድ ጊዜ የጎረቤቴን ልጅ በማስነጠሷ ጽፌያታለሁ። ክፉ ልጅ የነበርኩ አይመስለኝም። ወረቀቷ በእጄ እስካለች ድረስ እኔ አልመታም፤ ይህችን አውቅ ነበር።

ዓመቱ ሲጋመስ ማስመሪያ ጉሮሯቸውን ታመሙና ለቀዶ ሕክምና ሄዱ። በምትካቸው ያ ሰው መጣ። ወጣት ነው፣ ረጅም፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ። ሁለቱንም እጆቹን ኮቱ ኪስ ከቷቸዋል። «ተቀመጡ» ያለን በአገጩ ነው። የስም መጥሪያውን ወረቀት እኔ እንዳነብ አደረገ። ርዕሱን ሰሌዳ ላይ እንድትጽፍ ከፊት የተቀመጠችውን ልጅ ጠየቃት። ቀኑን ሙሉ ጠመኔ አልነካም።

ከክፍሉ ሁሉ ተንኮለኛው «ቁንጫ» የምንለው ትንሽዬ ልጅ ነበር፤ አንድ ቦታ ስለማይቀመጥ ነው። ሊፈትነው ተነሣ።

«ቲቸር፣ ዓሣ ይጠማዋል?»

በማስመሪያ ጊዜ ቢሆን ልጁ ጆሮውን ተይዞ ወጥቶ ነበር። አዲሱ መምህር ጣራ ጣራውን አየና ረጅም ጊዜ አሰበ።

«አላውቅም» አለ። «እንዴት እንወቅ?»

ክፍሉ ደነገጠ። መምህር አላውቅም ሲል ሰምተን አናውቅም። ማስመሪያን ከጀርባቸውም አንቱ ነበር የምንላቸው፤ ይኼኛውን ግን በሳምንቱ «እሱ» ማለት ጀመርን።

በሦስተኛው ቀን ሲወጣ ጠብቄ ሥራዬን ሠራሁ። ሲመለስ ዘጠኝ ስም የያዘ ወረቀት ዘረጋሁለት። እጁን ከኪሱ ሳያወጣ ጎንበስ ብሎ አነበበው።

«ምን እያወሩ ነበር?» አለኝ።

«እ?»

«እነዚህ ዘጠኙ። ምን እያወሩ ነበር?»

«እኔ እንጃ። ብቻ እያወሩ ነበር።»

«ወሬያቸውን ካልነገርሽኝ ስማቸው ምን ያደርግልኛል?» አለ። ቁጣ የለበትም፤ የምር እንደጨነቀው ሰው ነው የጠየቀኝ።

ክፍሉ ሳቀብኝ። ፊቴ እሳት ሆነ። በማግሥቱ ወሬውንም ለመጻፍ ተነሣሁ፤ ወሬ ለመጻፍ ግን ቀርቦ መስማት ያስፈልጋል፤ ስቀርብ ደግሞ ሁሉም ዝም ይላሉ። ሳምንት ሙሉ በዝምታ ታጅቤ ስዞር ከረምኩ። በስንት ጊዜ አንዷ አዘነችልኝና፣ «ነይ ተቀመጪ፤ ቁንጫ አጎቱ የጉድጓድ ውሃ ሲቆፍሩ ያገኙትን እያወራልን ነው» አለችኝ። ተቀመጥኩ። ወሬው ጥሩ ነበር። ወረቀቱን ያን ቀን የት እንደጣልኩት አላውቅም።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁሉም ነገር መልካም ነበር ብል ውሸታም እሆናለሁ። ክፍሉ ገበያ ሆነ። ጠመኔ ይወራወራል፣ ዴስክ ይገለበጣል፣ የጎረቤት ክፍል መምህርት በየቀኑ ግድግዳ ትደበድባለች። አንድ ቀን ቁንጫ በወረወረው ድንጋይ የመስኮቱ መስታወት ተሰበረና ፍንጣሪው አንዲት ልጅ ግንባር ላይ ትንሽ ደም አወጣ። መምህሩ ፊቱ ከሰል መሰለ። አንድ ቃል አልተናገረም። ልጅቱን በዓይኑ አያት፣ ደህና መሆኗን አረጋገጠና ወጣ። በተሰበረው መስኮት ሳየው ግቢው መካከል ያለው ቧንቧ ሥር ጭንቅላቱን ደፍቶ ውሃውን ለቀቀበት። ሲመለስ ሸሚዙ እስከ ወገቡ ረጥቧል።

«ግራ ገብቶት ነው» አልኳት ከጎኔ ለምትቀመጠው ጓደኛዬ። «መስታወት ሲሰበር ምን እንደሚደረግ አያውቅም።»

ከዚያ ምስጢሩን ነገርኳት። መጻፍ አይችልም፤ ማስረጃ የለውም፤ ፋይሉ ሲመጣ ይባረራል። ዕረፍት ሳያልቅ ክፍሉ ሁሉ ሰማ።

ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጀርባ ተሰበሰብን። አንዳንዶቹ «ያልተማረ ሰው ያስተምረናል እንዴ? ለዳይሬክተሩ እንናገር!» አሉ። ክርክሩን የቆረጠው ቁንጫ ነው።

«ሞኞች! እሱ ከተባረረ እኮ ማስመሪያ ይመጣሉ!»

እያንዳንዳችን መዳፋችንን ያሸን ይመስለኛል።

«እና ምን ይሻላል?» አለች ጓደኛዬ።

«እኛ እንወቅለት» አለ ቁንጫ። «ሰው መጥቶ ሲጠይቀው እኛ እየቀደምን እንመልሳለን። ማን ያውቅበታል?»

በዚያው ተማማልን። ሒሳብ ለመስኮቱ ረድፍ፣ ሳይንስ ለመካከሉ፣ ቋንቋ ለበሩ ረድፍ ተመደበ። እኔ እጄ ጥሩ ስለሆነ ሰሌዳ ላይ ልጽፍለት ተመረጥኩ። ደብተሮቻችን ግን በቀይ እስክሪብቶ ታርመው ነበር የሚመለሱት፤ ይኼ ትንሽ አስቸገረን። ሚስቱ ታርምለታለች ብለን ዘጋነው። ሚስት እንዳልነበረው የሰማሁት በጣም ቆይቼ ነው።

እንዲህ ነው እንግዲህ ማጥናት የጀመርነው። ሳንመታ፣ ማንም አጥኑ ሳይለን፣ ለአንድ ምስኪን ሰው ብለን። ቁንጫ እንኳ ከታላቅ ወንድሙ የሰባተኛ ክፍል መጽሐፍ ሰርቆ መጣ። ደብተሩን በክንዱ የሚከልል ጠፋ፤ ከልለህ ማንን ትጠቅማለህ? አንዱ ከተሳሳተ ሁላችንም ነው የምንጋለጠው። መምህሩም በየቀኑ የሚጠይቀውን ጥያቄ ከየት እንደሚያመጣው እንጃ፣ አንድም መጽሐፍ ላይ የሚገኝ አልነበረም። ጥላችን ጠዋት ለምን ይረዝማል? በሩ ክረምት ላይ ለምን አልዘጋ ይላል? «አላውቅም» ይላል፤ እጁን ኪሱ ውስጥ እያፍተለተለ ይጠብቃል። እኛም በውስጣችን «አይዞህ» እንለዋለን።

ከሁሉ የማስታውሰው የጣራውን ነው። አንድ ቀን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መነጋገር አቃተን። ሲያባራ፣ «አሁን ጣራችን ላይ ስንት ባልዲ ውሃ ወረደ?» አለ። ሳቅን። ከዚያ አንዷ፣ «ጣራው ስንት ሜትር ነው?» አለች። ለሁለት ሳምንት በገመድ ግድግዳ ስንለካ፣ ክዳን የሌለው ቆርቆሮ ግቢ ውስጥ ስናስቀምጥ፣ በቆርቆሮው ውስጥ የተጠራቀመውን በማስመሪያ ስንለካ ከረምን።

ምስጢሩን ለእናቴም ነግሬያታለሁ፤ ታይፑ ላይ እንዳለች፣ ከሥር ቀና ብዬ። «እማ፣ እኛ ክፍሉ በሙሉ እያወቅንለት ነው፤ ለዳይሬክተሩ እንዳትነግሪ።»

«ምኑን?»

«መጻፍ አለመቻሉን።»

ጣቶቿ ቆሙ። ጎንበስ ብላ አየችኝ። «እሺ» አለች ብቻ፤ «አልነግርም።»

መምህራንን እየዞሩ የሚገመግሙት ሱፐርቫይዘር የመጡት በዚያ ሰሞን ነው። አጭር ሴት ናቸው፤ ትልቅ ቦርሳቸውን ታቅፈው የኋላው ዴስክ ላይ ከልጆች ጋር ተቀመጡ፣ ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ ምንም አልቀረው። ዳይሬክተሩ በሩ ጋ ቆሙ። ጫማቸው እንኳ ጸጥ ብሏል።

«በትናንቱ ዝናብ ጣራችን ስንት ባልዲ ውሃ ተቀበለ?» አለ መምህሩ። ድምፁ ትንሽ ቀጥኗል።

ጠመኔ ይዤ ተነሣሁ። በእኛ ክፍል ደንቡ፣ ጠመኔ የያዘ ሰው ነው እጅ ያወጡትን የሚጠራው። እጆች ተንጋጉ። የመስኮቱ ረድፍ፣ ርዝመቱ ሃያ፣ ወርዱ ስምንት ሜትር አለ። ጻፍኩ። የመካከሉ ረድፍ፣ በቆርቆሮው የተገኘው ሁለት ሴንቲ ሜትር ነው አለ። ጻፍኩ። ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ሊትር ላይ ደረስን። አንዲት ልጅ፣ «ባልዲው ሃያ ሊትር ስለሆነ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ባልዲ!» አለች። ድሮ ቢሆን እፎይ ብለን ማስመሪያዋን እንጠብቅ ነበር። ያን ቀን ሦስት ልጆች ወደ እሷ ዞረው፣ «ቆይ፣ ዜሮዋ የት ጋ ገባች?» አሏት። አብረው ፈልገው አገኟት። አንድ መቶ ስድሳ ባልዲ።

ሱፐርቫይዘሯ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ግሩም ነው» አሉ። «አሁን መምህር፣ እርስዎ ደግሞ ሥራውን ከመጀመሪያው ሰሌዳው ላይ አሳዩኝ እስቲ።»

«እኔ እጽፋለሁ!» አልኩ።

«አንቺን አይደለም፣ የኔ ልጅ። መምህሩን ነው።»

መምህሩ አልተንቀሳቀሰም። እጆቹ ኪሱ ውስጥ ናቸው። ይኼኔ ከፊት ረድፍ ቁንጫ ዴስኩ ላይ ዘሎ ቆመ።

«ይተዉት በቃ! እሱ ባያውቅም እኛ እናውቅለታለን! መጻፍም አይችልም፤ ታዲያ ምን ያድርግ? እኛ እንጽፍለታለን!»

«አዎ!» አልን ሁላችንም። ለማዳን ነው።

ዳይሬክተሩ ፈገግ ሲሉ አየኋቸው።

የመምህሩ ቀኝ እጅ ከኪሱ ወጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ አየሁት፤ ትልቅ ነው፣ ጣቶቹ ረጃጅም ናቸው። ወደ ላይ ወጣ፣ ከቁንጫ ራስ በላይ ከፍ አለ፤ መዳፉ ተዘርግቶ እዚያው ቆመ። ቁንጫ ዓይኑን ጨፍኗል። ለምን እንደጨፈነ አልገባኝም።

እኔ የማውቀው እጅ ካወጣ ሰው ጋር ምን እንደሚደረግ ነው። ጠመኔውም በእኔ እጅ ነበር።

«እሺ ቲቸር» አልኩ። «እጅ አውጥተዋል፤ ይናገሩ።»

አንድ ልጅ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ክፍሉ በሙሉ። መምህሩ የራሱን እጅ የሌላ ሰው ዕቃ እንደሚያይ ሰው አየው። ቀስ ብሎ አወረደው። ወደ እኔ መጣና መዳፉን ዘረጋ፤ ጠመኔውን አስቀመጥኩለት። መዳፉ በላብ ርሷል።

ዞሮ ጻፈ። ሃያ ሲባዛ በስምንት። ፊደሉ፣ ቁጥሩ፣ መስመሩ፣ እንደ መጽሐፍ! የማስመሪያ እጅ እንኳ እንደዚያ አያምርም። ክፍሉ «ኧ!» አለ።

ቁንጫ ወደ ኋላ ዞሮ በሹክሹክታ፣ «ሚስቱ አስተማረችው!» አለን።

ደስ አለን። እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽም ቅር አለኝ፤ ከእንግዲህ እኔን አይፈልገኝም ብዬ።

በማግሥቱ ጠረጴዛው ሥር ነበርኩ። እናቴ የሱፐርቫይዘሯን የእጅ ጽሑፍ እየተየበች ነው። ጫማው ሲጥ እያለ ገባና ወረቀት ሲነጠቅ ሰማሁ።

«ምንድን ነው ይሄ? "እጁን አወጣ"? ሴትዮዋ እንዲህ ብላ ጻፈች?»

«ምን ሊሉ ነበር?» አለች እናቴ።

«ሊመታው ነበር እኮ! በዓይኔ በብረቱ አየሁ!»

«መታው እንዴ?»

«አልመታውም» አሉ ዳይሬክተሩ፣ በቅሬታ።

«እንግዲያው» አለች እናቴ፤ መኪናውም ቀጭ ቀጭ ማለቱን ቀጠለ።

እኔ ያን ጊዜ ዳይሬክተሩ ማየት የተሳናቸው ሽማግሌ ናቸው ብዬ ነው የደመደምኩት። ማን ማንን ሊመታ?

እናቴ እውነቱን የነገረችኝ ከሁለት ዓመት በፊት፣ ጡረታ ወጥታ ቤቴ በመጣች ጊዜ ነው። ድንች እየላጥን ነበር። ሰውየው ወደ እኛ ከመዛወሩ በፊት በነበረበት ትምህርት ቤት አንድ ልጅ በጥፊ መትቶ የግራ ጆሮውን አደንቁሮታል። ዳይሬክተሩ ይጠብቁት የነበረው ፋይል የዚያ ነው።

«አንቺ ግን ምስኪን አልሽ» አልኳት። «ሰምቼሻለሁ።»

«ልጁን ነዋ!» አለች። «እሱንማ እንዳየሁት ጠልቼው ነበር።»

«ታዲያ መጻፍ አይችልም ስልሽ ለምን አላረምሽኝም?»

«ምን ብዬ ላርምሽ? መጻፍማ ይችላል፣ የማይችለው እጁን መያዝ ነው ልበልሽ? ደግሞ በሕይወትሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትለመኚ ደብተር ይዘሽ ነበር።» ድንቿን አገላበጠቻት። «በሪፖርቱ ላይ ያለችውን ቃል የለወጥኩት እኔ ነኝ። ሴትዮዋ "እጁን አነሣ" ነበር ያሉት። "አወጣ" አልኩት። አንዲት ቃል ናት።»

«እማ!»

«ምን እማ ትያለሽ? አንቺ ነሽ እንዲያ ያልሽው። ቤት መጥተሽ፣ ቲቸር እጅ አወጣ፣ እኔ ፈቀድኩለት ብለሽ ስትነግሪኝ፣ በቃ እውነትም እንዲያ ይሆናል አልኩ።» ቢላዋዋን አስቀመጠችና፣ «ደግ አደረግሁ ይሆን?» አለችኝ።

ዛሬ በሆስፒታል ላቦራቶሪ አሥራ አንድ ሰው በሥሬ ይሠራል። አንድ ሠራተኛ ናሙና ሲያበላሽ በደረቴ ውስጥ የሚነሣውን ነገር አውቀዋለሁ፤ ማስመሪያም እዚያ አሉ፣ ያ ሰውም አለ። የዚያ ልጅ እናት ብሆን ኖሮ ያቺ ቃል እንድትለወጥ እፈልግ ነበር ወይ?

ሰውየው ዓመቱን ጨረሰና ሌላ ቦታ ተመደበ። ስድስተኛ ክፍል ስንገባ ማስመሪያ ተመለሱ። ቀዶ ሕክምናው ድምፃቸውን ሹክሹክታ አድርጎታል፤ ማስመሪያዋ ግን ድምፅዋ ያው ነው። በመጀመሪያው ቀን አንዷ እጅ አውጥታ «ለምን?» አለች። በወሩ የሚጠይቅ ጠፋ፤ ክንዶች ወደ ደብተሮቹ ተመለሱ። የተለወጥን መስሎን ነበር። እኔም ረባሽ መጻፍ ጀመርኩ። ይህን የምናገረው ስላሳፈረኝ ነው።

ከእናቴ ጋር ከተነጋገርን በኋላ ሰውየውን ፈልጌ አገኘሁት። በአንድ ትንሽ ቤት ብቻውን ይኖራል፤ ጸጉሩ ነጥቷል። ማን እንደሆንኩ ስነግረው ወዲያው፣ «ጣራው!» አለ። ሻይ አፈላልኝ። ክፍሉ በሙሉ እሱ መጻፍ የማይችል መስሎት እንደነበር ስነግረው እስኪያለቅስ ሳቀ፤ የቁንጫ ጩኸት ለእሱ ሽሙጥ ነበር የመሰለው። ሚስቱ አስተማረችው ብለን እንደነበር፣ እንዳይጋለጥ ብለንም እናጠና እንደነበር ስነግረው ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ለዚህ ነበር እንዴ እንደዚያ የምታጠኑት?» አለ። «እኔ እኮ ጥያቄዎቹ ደስ ብለዋችሁ መስሎኝ ነበር።»

«ኋላ ኋላ ደስ ብለውናል» አልኩት። «እውነት ግን፣ መልሶቹን ያውቁ ነበር?»

«አብዛኞቹን አላውቅም። ሆን ብዬ ነው።» ጠረጴዛው ላይ ያለውን እጁን አየ። «ያንን ልጅ ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት ነው አልኩት። መልሱን አውቀዋለሁ፤ ስለማውቀው ቆሜ እጠብቀዋለሁ። አልመጣም። ደግሜ ጠየቅኩት፤ አልመጣም። የማላውቀውን ስጠይቅ ግን የምጠብቀው ነገር የለም። ካልጠበቅኩ አልናደድም። እንደዚያ ነው ያገኘሁት። ማስተማሪያ ዘዴ ብለው ኋላ ሌሎችን አሠልጥን አሉኝ።» ፈገግ ለማለት ሞከረ። «እምቢ አልኩ። ምን ብዬ ነው የማሠለጥነው?»

በሩ ተንኳኳና አንድ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ገባ፤ የመብራት ሠራተኛ ነው፣ የመሣሪያ ቦርሳ አንግቧል። ሽማግሌው ተነሥቶ ዞረና በሰውየው ቀኝ በኩል ቆሞ ነው ሰላም ያለው። ሰውየው ሲናገር ጭንቅላቱን ትንሽ ያዘነብላል። እስኪገባኝ ድረስ አፍጥጬ አየሁት።

የበሩን ደወል አስተካክሎ ሲጨርስ አብረን ወጣን። ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው እየሄድን፣ ጨዋነት ጠፋኝና ጠየቅኩት።

«ለምንድን ነው የሚመጡት?»

ቅር አላለውም። «በየዓመቱ አንድ ደብዳቤ ይልክልኝ ነበር» አለ። «አሥራ ዘጠኙን ሳልከፍት ቀደድኳቸው። ሃያኛው የመጣው ልጄ ትምህርት ቤት በገባችበት ሳምንት ነው። እንደታሸገ ይዤው መጣሁና "አንብብልኝ" አልኩት። ቆሞ አነበበው፤ እስኪጨርስ ብዙ ጊዜ ፈጀበት። ከዚያ ወዲህ እየመጣሁ እጠይቀዋለሁ። ቀላል ሰው አይደለሁም፤ አንዳንድ ቀን ተጣልተን ነው የምንለያየው።»

«ይቅር ብለውታል?»

«እሱን ሁሉም ሰው ይጠይቀኛል» አለ። ጥቂት ተራመድን። ከዚያ እሱ ቆመ። «እኔ ግን የምጠይቀው ሰው አጥቼ ነበር። ከእኔ በኋላ ያስተማራቸውን አንድም አላገኘሁም። እናንተን እንዴት አደረጋችሁ?»

በሕይወቴ ያን ያህል የከበደኝ ጥያቄ የለም። በግራው ነበርኩ። ዞሬ በቀኙ ሆንኩና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሬ ነገርኩት፤ ስለ ዓሣው፣ ስለ ጣራው፣ ቁንጫ ዴስክ ላይ ስለወጣበት ጠዋት፣ እናቴ ስለለወጠቻት ቃል። የጎደለ እንዳይኖር ተጠንቅቄ ነበር። እጁ የት ድረስ እንደወጣ በራሴ እጅ አሳየሁት።

አውቶቡሱ መጣ። ሹፌሩ በሩን ከፍቶ ጠበቀን።

«ይሂዱ፣ ይሂዱ» አለው ሰውየው፤ ወደ እኔም ጭንቅላቱን አዘንብሎ፣ «ከዚያስ?» አለኝ።